ማን ነካቸው?

አማርኛችን «እብድ» ለማለት አይቸኩልም። ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች እንደሚያበቃው ባቡር በየፌርማታው እየቆመ ነው የሚሄደው፤ ወፈፍ ያደርገዋል፣ ነካ ያደርገዋል፣ ዞሮበታል፣ ለይቶለታል። የመጨረሻው ፌርማታ ጨርቅ መጣል ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሰዋስዉ ነው። «ወፈፍ ያደርገዋል» ስንል አድራጊው ማን ነው? አይታወቅም። ራበው፣ በረደው እንደምንለው ነው፤ ነገሩ መጥቶ ያዘው እንጂ እሱማ ምን አደረገ? «ንክ»ም የወጣው ከ«ነካ» ነው። የድሮ ሰዎች ነኪውን ያውቁት ነበር፤ ወይ ዛር ነው፣ ወይ በቀትር ወንዝ ዳር ያገኘው ጋኔን። የዛሬ ልጆች ጉዳዩን ጋራዥ አስገቡትና ብሎኑ ላልቷል፣ ፊውዙ ተቃጥሏል ይላሉ።

ከሁሉም የምወደው አብሾን ነው። «አብሾ አለበት» የሚባለው ሁለት ብርሌ ቀምሶ ጠረጴዛ የሚገለብጥ ሰው ነው። የቃሉ አገር ግን ጠጅ ቤት ሳይሆን ቆሎ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ቅኔው እንዲፈታለት፣ የሰማው እንዳይጠፋው ሲል አስተናግር ከሚባለው ተክል የተቀመመ አብሾ ይጠጣል። ተክሉ መርዛም ነው፤ ልኩ ካለፈ የሌለ ያሳያል፣ ያስለፈልፋል። ስሙም ሥራውን አልደበቀም፤ አስተናግር! ትምህርት ፍለጋ የሄደው ልጅ አእምሮውን አስይዞ ይመለሳል፤ መጠጥ በቀመሰ ቁጥርም አብሾው ይነሳበታል ይባላል።

የጦር ኃይሎች ሠፈር ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ማን ነካቸው?» የሚሉ አዲስ መርማሪዎች አፍርቷል። አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ባቡር በገባ ቁጥር ኮታቸውን ቆልፈው፣ ተረከዛቸውን ገጥመው ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣሉ። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከሠራዊቱ ሆስፒታል ስለሆነ ሰላምታው ቦታውን አልሳተም።

ቡና የምታፈላዋ «ወፈፍ ያደርጋቸዋል እንጂ የቡናቸውን ሒሳብ አይረሱም» ትላለች። ጎሚስታው «ብሎን ነው» ባይ ነው። አንድ ጡረተኛ «አብሾ ነው» ብለው ይከራከራሉ፤ ሽማግሌው ግን ከቡና በቀር ሲጠጡ ያየ የለም። የታክሲ ተራ አስከባሪው «ንክ ናቸው» ብሎ ፋይሉን ዘጋው።

ታዲያ አንድ ቀን ተማሪዎች ከኋላቸው ተሰልፈው ሰላምታቸውን እየቀዱ ሲሳሳቁ፣ ያው ተራ አስከባሪ ዱላውን ይዞ ደረሰ።

«ጋሼ አንዴ ተነክተዋል! እናንተ ደግሞ አትንኳቸው!»