«ዝቅ አርግልኝ» በለው፣ አቦ!

ሂርና ላይ ሠርግ ሲበዛ የጉሮሮ ሐኪምም ይበዛል። በርጫ ላይም ሻይ ቤት ደጃፍም ለዘፋኞቻችን ምክር የማያዝ የለም። ምክሩ ግን ልጆቹን እየጎዳቸው ነው። ቅዳሜ እስኪነጋ ያዘፈኑት ልጅ ሰኞ ሰላምታ መመለስ ሲያቅተው አይቻለሁና ዛሬ ዝም አልልም። እናንተ ምክራችሁን ወርውሩ፣ እኔ እመልሳለሁ።

«ድምፅ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ አይሰለጥንም።»

ስጦታነቱን ማን ካደ? እግርም ስጦታ ነው፤ ደራርቱ ግን በየቀኑ ትሮጥ ነበር። ቁርአን የሚቀራውን ልጅ ጠይቀው፤ ፊደሉ ከየትኛው የጉሮሮ ክፍል እንደሚወጣ፣ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ ተጅዊድ ሲያስተምረው ዑስታዙ ስንቴ መልሶታል? የዜማ ቤት ተማሪውንም ጠይቅ፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በአንድ ክረምት አይያዙም። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ የሚያሠለጥኑ ከሆነ፣ ሠርግ ቤቱ ከማን በልጦ ነው የሚቀርበት?

«ጥላሁንን ማን አስተማረው?»

ሀገር ፍቅር ነዋ! ከዚያም ክቡር ዘበኛ። ወታደር ቤት ልምምድ ትእዛዝ ነው፤ «ዛሬ አላሰኘኝም» አይባልም። የጎረቤታችን የድሬዳዋው ልጅ አሊ ቢራም አፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድንን የተቀላቀለው ገና በልጅነቱ ነው፤ በኋላ እሱም ክቡር ዘበኛ ገብቷል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 እስኪያርፍ ድረስ ዕድሜ ልኩን የዘፈነው በጩኸት ይመስልሃል? ረጋ ብለህ ስማው። ከጎንህ ተቀምጦ የሚያወራህ ያህል ቀርቦ ነው የሚዘፍንልህ።

«በጠዋት ጥሬ እንቁላል ዋጥ አድርግ።»

እንቁላሉ በምግብ ቧንቧ ይወርዳል፤ ድምፅ ያለው በአየር ቧንቧው አፍ ላይ ነው። እንቁላሉ ድምፅህ ጋ ከደረሰማ ታንቀሃል ማለት ነው። ማርና ዝንጅብሉንም፣ ትኩስ ሆጃውንም ጠጣ፣ ደስ ይላል፤ ኖታ ግን አይጨምርልህም።

«እኔ የምዘፍነው ስመረቅን ነው፤ ድምፄ ይከፈታል።»

የተከፈተው ድፍረትህ ነው፣ ወንድሜ። ድምፅህ ውሃ ውሃ እያለ ነው። ጫት የሂርና እንጀራ ነው፣ አልነቅፈውም። ግን አፍና ጉሮሮን ያደርቃል፤ የድምፅ አውታር ደግሞ በቀላሉ የሚንቀጠቀጠው ርጥብ ሲሆን ነው። የምትዘፍን ቀን ይለፍህ። ውሃውንም መድረክ ላይ ስትወጣ ሳይሆን ከጠዋት ጀምረህ ጠጣ፤ አውታሩ ጋ የሚደርሰው በደም ዞሮ ነውና።

«እህ እህ ብለህ ጥረገው።»

በጠረግከው ቁጥር አውታሮቹን እርስ በርስ ታጋጫቸዋለህ። ምራቅህን ዋጥ፣ ይበቃል።

«ከፍ ያለ ድምፅ የሚወጣው በጉልበት ነው፤ ጩኽ!»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ልጆቹን የሚያጠፋው ይሄ ነው። ማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት አውታሮች በአዋቂ ወንድ እንኳን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ቢረዝሙ ነው። ወንድ ሲያወራ በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ ይገናኛሉ፤ ከፍ ያለው ኖታ ላይ ከ400 ያልፋሉ። ለዚያ ከፍታ መወጠርና መሳሳት አለባቸው። ስትጮህ ግን ትጨፈልቃቸዋለህ፤ ይቆስላሉ፣ ከሰነበተም ጠጠር ያለ እብጠት ይወጣባቸዋል። የድምፅህ መጎርነን ሦስት ሳምንት ካለፈው ምክር ሰጪ ሳይሆን ሐኪም ፈልግ።

«ታዲያ በምን ልውጣ?»

በግማሽ ሃይላንድ ውሃና በአንድ ስትሮ! ስትሮውን ሁለት ጣት ያህል ንከረውና «ኡ» እያልክ አረፋ አስነሳ። ከታች ጀምረህ ድምፅህን ወደ ላይ አንሸራት፣ ደግሞ ተመለስ። የውሃው ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ አውታሮቹን ስለሚደግፋቸው ሳይጨፈለቁ ይወጠራሉ። ውሃ ከሌለህ ከንፈርህን «ብርርር» እያሰኘህ ያንኑ አድርግ፤ ከተማው ቢስቅብህ ይሳቅ። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይበቃሃል። ከዚያ በግማሽ ቶን ውጣ። አገጭህ ሽቅብ ሲሄድ፣ የአንገትህ ጅማት ሲገተር፣ እዚያው አቁም። ነገ ከዚያው ትቀጥላለህ። የሚጨመርልህን የምታየው በወራት ነው፤ «በሳምንት አሳድግሃለሁ» የሚልህን አትክፈለው።

«ትንፋሽማ እስባለሁ፤ ደረቴን አየኸው?»

አየሁት፤ ትከሻህም አብሮ ተነሳ። አየሩ እላይ ቀርቷል። እጅህን ጎድንህ ላይ አድርግ፤ መስፋት ያለበት እሱ ነው። ስትዘፍን ደግሞ ቶሎ አታጥብበው፣ ሰፍቶ ይቆይ።

«ሰዉ የሚያብደው ዘፋኙ ሲጮህ ነው!» ይላሉ የሙሽራው አጎት።

ጋሼ፣ ስፒከሩን የተከራያችሁት ለጩኸት ነው፤ እሱ ይጩህ፣ ልጁ ይዝፈን። ልጁ የሚጮኸው ደግሞ ራሱን ስለማይሰማ ነው። አንዷን ትንሽ ስፒከር ወደሱ አዙሩለት፤ ያኔ ድምፁን ራሱ ይመጥነዋል።

«የጥላሁን ዘፈን በጥላሁን ቶን ካልሆነ ሕዝቡ ያውቃል።»

ሕዝቡ የሚያውቀው ድምፅህ ሲሰነጠቅ ነው። ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ የምትባል ቁልፍ አለች። ሁለት ጊዜ ወደ ታች ሲነኳት ዘፈኑ አንድ ሙሉ ቶን ይወርዳል፤ የተጫዋቹ ጣት እንኳን ቦታ አይቀይርም። ሚዜዎቹ አያውቁባትም፣ ሙሽሪትም አታውቅባትም። ዘፈኑን ቤትህ ሆነህ ሞክረው፤ ጫፉ ላይ ያለውን ኖታ ሦስት ጊዜ ደጋግመህ ሳትጨነቅ ካልወጣኸው፣ ገና ሳይጀመር «ሁለት ዝቅ አርግልኝ» በለው።

«ኪቦርዲስቱ ቢያሾፍብኝስ?»

«ሰኞ ድምፅ የሚጠፋው የኪቦርዱ ነው የኔ?» ብለህ ጠይቀው። መልስ እስኪያገኝ ዘፈኑን ጀምር።