ጫማው ያሰረው ብስክሌተኛ

ጌጃ ሰፈር ተቀምጦ የተራራ ብስክሌት መግዛት ሞኝነት አይደለም፤ እንጦጦ ቢርቅ ጉድጓዱ ቅርብ ነው። ጣጣው ፔዳሉ ላይ ነው። የሰፈራችን ጎረምሳ ከፔዳል ሁሉ መርጦ ከጫማ ጋር የሚቆለፈውን ገዛ፤ ሺማኖ በ1990 እ.ኤ.አ. ለተራራ ብስክሌት ያወጣው ዓይነት ነው። ከሶሉ ሥር አንዲት ብረት አለች፤ ሲረግጧት «ቀጭ» ብላ ትያያዛለች። ለመላቀቅ ተረከዝን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ማድረግ ነው። ቀላል!

«ወራጅ አለ!» ተብሎ ሚኒባሱ ፊቱ ድንገት ሲቆምስ? ተረከዙን ማን ያስታውሳል? ጎረምሳችን ብስክሌቱን እንዳቀፈ፣ ቀስ ብሎ፣ በክብር፣ እንደተቆረጠ ባሕር ዛፍ ተጋደመ። ካሜራዳሪያ ሲለጥፍ የነበረው ጎሚስታ ቀና ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ፈረስ እንኳ ጋላቢውን አያስርም» አለው።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ጥርስ ያለው ሰፊ ፔዳልና ሶሉ ለጥ ያለ ጫማ ይበቃል (ጥርሱ ቅልጥም ካገኘ ግን አይምርም)። ለመያዝማ ከመኪና ጎማ የተቆረጠው በረባሶም ይይዝ ነበር፤ ጣት አይሸፍንም እንጂ።

ጎረምሳው ፔዳሉን ቀይሯል። ጫማውን ግን ለሰርግ ያደርገዋል፤ ሲራመድ ቀጭ ቀጭ ይላል።