የእንቅልፍ ማስመለሻ አዋጅ ቁጥር 1/2017

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! የተኛህ ንቃ! ያልተኛህም… ያልተኛሁት እኔው ስለሆንኩ ይህ ይቅር።

በጂንካ ከተማ፣ ከአንዲት ባለ አንድ በር የኪራይ ክፍል፣ ከአልጋ ላይ የወጣ።

መግቢያ

እንቅልፍ ለሰው ልጅ ሁሉ፣ ተከራይን ጨምሮ፣ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

በደቡብ ኦሞ ምድር የሐመርና የካሮ ጎልማሳ ቀን የሚቀመጥበትን፣ ሲደክመው ራሱን የሚያሳርፍበትን በርኩማ በእጁ ይዞ እየዞረ ጥላ ባገኘበት ሁሉ ሸለብ ሲያደርግ፣ ፍራሽና ትራስ ያለው፣ ኪራዩን በጊዜው የሚከፍል መምህር ግን እንቅልፍ ያጣ መሆኑ አሳፋሪ ሆኖ በመታየቱ፤

ይህች ከተማ አውሮፕላን መሀል ሜዳዋ ላይ ያርፍ በነበረበት ዘመን የሚግጡትን ከብቶች አባርራ ሜዳውን ታስለቅቅ የነበረች ሆና ሳለ፣ ዛሬ አንድ ውሻ ከአንድ አልጋ ሥር የሚያስወጣ ሰው የጠፋባት በመሆኑ፤

የአገሪቱ የድምፅ ደረጃ በመኖሪያ ሰፈር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ቢያዝም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን በጢስ፣ በመጥፎ ጠረንና በድምፅ ከመጠን በላይ እንዳያውክ ቢከለክልም፣ ሕግ አውጪዎቹ ጩኸት ከአጥር ማዶ እንጂ ከአልጋ ሥር ይመጣል ብለው ያላሰቡ በመሆኑ፤

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ጭማሪውም በዘፈቀደ አይሁን ብሎ ሲያበቃ፣ ተከራይ ከማን ጋር እንደሚያድር የሚል አንቀጽ ፈልገን ያጣንበት በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የእንቅልፍ ማስመለሻ አዋጅ ቁጥር 1/2017» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። የሚጠቅሰው ከተገኘ።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1) «እትዬ» ማለት አከራያችን ናቸው፤

2) «ሻምበል» ማለት የእትዬ ውሻ ነው፤ ማዕረጉን የሰጠው አካል አይታወቅም፤

3) «መኝታ ቤት» ማለት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሳሎን፣ ማድቤትና ደብተር ማረሚያ ሆኖ ሲያገለግል የቆየው፣ አሁን ደግሞ የውሻ ቤትነት የተጨመረለት ክፍል ነው፤

4) «ድምፅ» ማለት መጮህ፣ ማላዘን፣ ማጉረምረም፣ ማንኮራፋት፣ አጥንት መቆርጠም፣ ጆሮ ማራገፍ፣ ራስን መላስ እንዲሁም ጅራትን ከቆርቆሮ ሳጥን ጋር ማጋጨት ነው።

አንቀጽ 3. የተፈጻሚነት ወሰን

ከአልጋው ሥር እስከ በሩ።

አንቀጽ 4. ስለ ክልከላው

1) ሻምበል ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በመኝታ ቤት ውስጥ ምንም ዓይነት ድምፅ ማሰማት የለበትም።

2) የንዑስ አንቀጽ (1) ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እትዬ በየጠዋቱ በሚሰጡት ማብራሪያ መሠረት ሻምበል በሚከተሉት ሁኔታዎች መጮህ ይችላል፦

ሀ) ጅብ የሸተተው እንደሆነ፤

ለ) ጅብ ባይሸተውም ሊሸተው ይችል የነበረ እንደሆነ፤

ሐ) የሰፈር ውሾች የጮሁ እንደሆነ፤ ወይም የሰፈር ውሾች ዝም ብለው ዝምታቸው ያሳሰበው እንደሆነ፤

መ) መብራት የጠፋ እንደሆነ፤ እንዲሁም መብራት የመጣ እንደሆነ። መብራት በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ቢመላለስ፣ እያንዳንዱ መጥፋትና እያንዳንዱ መምጣት ራሱን እንደቻለ ምክንያት ይቆጠራል፤

ሠ) ዝናብ ቆርቆሮውን የመታው እንደሆነ (የጂንካን የሚያዝያ ዝናብ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ፊደል ተራ ብቻውን አዋጁን እንደሻረው ይገነዘባል)፤

ረ) ደወል፣ አዛን ወይም የአዳር ጸሎት በድምፅ ማጉያ የተሰማ እንደሆነ፤ ሻምበል ለየትኛውም ሃይማኖት ሳያዳላ ሁሉንም ያጅባል፤

ሰ) ቦርዴ ጠጥቶ የሚመለስ ሰው በአጥሩ ሥር ያለፈ እንደሆነ፤ ሆኖም ሰውየው እየዘፈነ ከሆነ ሻምበል አብሮት ከማላዘን በስተቀር መጮህ አይፈቀድለትም፤

ሸ) ዓርብ ሌሊት ለቅዳሜ ገበያ ከብት የሚነዱ ሰዎች ያለፉ እንደሆነ። ረቡዕ ሌሊት ደግሞ ለሐሙሱ የቀይ አፈር ገበያ የሚሄድ መኪና ሞተሩን እያሞቀ የቆየ እንደሆነ። በሌሎቹ ሌሊቶች የገበያው ቀን የተምታታበት እንደሆነ፤

ቀ) የእትዬ ልጅ ከአርባ ምንጭ በሌሊት የገባ እንደሆነ። ልጁ ቤተሰብ በመሆኑ ጩኸቱ የደስታ ነው፤ የደስታ ጩኸት ደግሞ እንደ ጩኸት አይቆጠርም፤

በ) ህልም ያየ እንደሆነ።

3) በንዑስ አንቀጽ (2)(በ) ስለተመለከተው ህልም፦ ሻምበል ተኝቶ እያለ እግሩን ካወራጨ፣ ከንፈሩን ካንቀጠቀጠና በታፈነ ድምፅ «ውፍ» ካለ ህልም አይቷል ይባላል። ህልም የሚያየው እንቅልፍ የወሰደው ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ስለዚህ በዚህ ክፍል ውስጥ እስካሁን ህልም ያየው ኪራይ የማይከፍለው ወገን ብቻ ነው።

4) ማከክን በተመለከተ፦ እትዬ «ማከክ ጩኸት አይደለም፣ ንጽሕና ነው» ብለው በወሰኑት መሠረት ማከክ ከክልከላው ነፃ ሆኗል። ይሁን እንጂ ሻምበል በሚያክበት ጊዜ ክርኑ የአልጋውን እግር ስለሚመታ፣ አልጋው ደግሞ እኛን የተሸከመ በመሆኑ፣ ቁንጫው የነከሰው እሱን ሆኖ ሳለ ሌሊቱን ሙሉ የምንታከከው አብረን ነው። ቁንጫውም ይህን ተረድቶ በቅርቡ ወደ እኛ መጥቷል። ስለ ቁንጫው ዝርዝር መመሪያ ይወጣል።

5) ተከራዩ በማግስቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ያለው ወይም ፈተና የሚጠብቅ እንደሆነ በንዑስ አንቀጽ (2) የተፈቀዱት ሁሉ ለዚያ ሌሊት ሊታገዱ ይችላሉ። የእገዳ ማመልከቻው ግን ለእትዬ መቅረብ ያለበት ከመተኛታቸው በፊት ነው። እትዬ ደግሞ የሚተኙት በጊዜ ነው። እንቅልፋቸውም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከባድ ነው።

6) ውሻ በበላበት ይጮሃል የሚለው ነባር ድንጋጌ እዚህ ግቢ ውስጥ አይሠራም። ሻምበል የሚበላው እትዬ ቤት ነው፤ የሚጮኸው እኛ ዘንድ ነው። ይህን አቤቱታ ስናቀርብ የተሰጠን መልስ «እሱ እኮ አንተን እየጠበቀ ነው» የሚል ነበር። ከማን? በሩን ከውስጥ የምቆልፈው እኔ ነኝ። መስኮቱ ብረት አለው። የሚሰረቅ ነገር ቢኖር የልጆች ደብተር ነው፤ እሱንም ሻምበል ቀድሞ በልቶታል! እንዴት ያለ ጥበቃ ነው ጠባቂው ውስጥ ሆኖ የሚጠበቀው እንቅልፍ ሲያጣ የሚያድረው? ሰው ቤት ተከራይቶ የውሻ ዘብ ይሆናል?

(ጽሕፈት ቤቱ ከላይ ለታየው የአነጋገር መላላት ይቅርታ አይጠይቅም።)

አንቀጽ 5. ስለ ጉዳዩ መነሻ

1) ሻምበል የግቢ ውሻ ነበር። አንድ ቀን ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በሰፈሩ እየዞረ እብድ ውሻ መታየቱን፣ ሳይታሰር የተገኘ ውሻ ሁሉ እንደሚወገድ ተናገረ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ቦዩ ዳር የተዘረጉ ውሾች ነበሩ፤ የበሉት ሥጋ ከአፋቸው ሳይወርድ። ተማሪዎቼ ከበው እያዩ ነበር።

2) እትዬ ሰንሰለት የላቸውም። አጥራቸውም ከብዙ ቦታ የተቀደደ ነው። የሚዘጋ በር ያላቸው ክፍሎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የእሳቸው ሳሎንና የእኔ ክፍል። ሳሎኑ ምንጣፍ አለው። ስለዚህ ሻምበል በዚያው ምሽት «ለጊዜው» ተብሎ ወደ እኔ ገባ።

3) ሻምበል ተከትቧል ወይ ብለን በትሕትና ጠየቅን። «ጤነኛ ውሻ ለምን ይወጋል?» ተባልን።

4) ለምን እንደሚወጋ ይህ አዋጅ ይናገራል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው በውሻ የተነከሰ ነው፤ ከሟቾቹም መካከል ብዙ ልጆች አሉ። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በፈረንጆች 2030 በውሻ ሳቢያ በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ያቀዱት በዚህ ስሌት ነው። መርዝ ግን የተከተበውንም ያልተከተበውንም እኩል ይገድላል፤ በሞተው ምትክ ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ይመጣል፤ ወሬው እንደገና ይነሳል፤ መኪናው እንደገና ይዞራል። በአዲስ አበባ በምኒልክ ዘመን፣ በ1895 ዓ.ም.፣ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ መነሳቱ ተጽፏል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል። እኛ አሁንም ሥጋ ላይ መርዝ እየነሰነስን ነው።

5) በሽታው ሁለት መልክ አለው። አንዱ የሚያስቆጣና የሚያናክስ ነው። ሌላው ሽባ የሚያደርግ ነው፤ ውሻው ጥግ ይይዛል፣ መንጋጋው ይላላል፣ ለሃጩ ይወርዳል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሻምበል ሲጮህ እናደዳለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ተነስቼ ባትሪ አበራለሁ፣ አልጋው ሥር አጎንብሼ አፉን አያለሁ። እሱም ያየኛል። ከዚያ ይጮሃል። ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ልተኛ እሞክራለሁ።

6) አንድ መርፌ ነበር። አንድ መርፌና አንድ ሰንሰለት።

አንቀጽ 6. የእትዬ ግዴታ

ማስከተብ፣ ማሰር፣ ሁለት ቆርቆሮና ጥቂት እንጨት አግኝቶ ግቢ ውስጥ የውሻ ቤት መቀለስ። ወጪውን ተከራዩ እችላለሁ ብሎ ነበር። «ግቢው ይበላሻል» ተብሏል።

አንቀጽ 7. ቅጣት

1) የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ካሳ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ዳኛ እስኪገኝ ድረስ፣ ይህን አዋጅ የተላለፈ ሰው አንድ ሌሊት በተከራዩ አልጋ ላይ እንዲያድር ይቀጣል።

2) ትርፍ ቁልፉ በእትዬ እጅ በመሆኑ የንዑስ አንቀጽ (1) አፈጻጸም ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል።

አንቀጽ 8. የተሻሩ አሠራሮች

«ይለምድብሃል»፣ «ውሻ እኮ ነው»፣ «ጆሮህ ላይ ጥጥ አድርግ»፣ እንዲሁም «አንተ ሚስት ብታገባ ይህ ሁሉ አይሰማህም ነበር» የሚሉ ልማዳዊ አሠራሮች ሁሉ ተሽረዋል።

አንቀጽ 9. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በእትዬ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

በጥቅምት መጨረሻ ኪራይ ስከፍል ለፊርማ አብሬ አቀረብኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው አነበቡት። አንቀጽ 4 ላይ ሳቁ። አንቀጽ 5 ላይ ሲደርሱ ገጹን ገለበጡት። «እጅህ ይባረክ፣ ጽሑፍ ታውቃለህ» አሉኝና ብሩን ቆጥረው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱ። ቀጥለው ከኅዳር ጀምሮ በኪራዩ ላይ ሦስት መቶ ብር እንደሚጨመር ነገሩኝ። አዋጅ ቁጥር 1320ን ጠቀስኩ።

«እሱ የአዲስ አበባ ነው።»

ታዲያ ጭማሪው የምን ነው አልኩ።

«የጥበቃ ነዋ ልጄ! ሻምበልን ማን የሚቀልበው መስሎህ ነው?»