ውሃ በፈረቃ፣ ጀልባ በቋሚነት

ጀሞ፣ እኛ ብሎክ፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣ ሌሊት ቧንቧው ሲያፏጭ ከእንቅልፉ የሚባንነው፣ በርሜል የሚሞላው፣ ጄሪካን የሚደረድረው ሰው እኔ ነኝ። እንግዲህ እንዲህ ባለ ቤት ነው ልጆቼ ተማክረው ጀልባ የገዙት። መኪና ቢሉኝ ይገባኛል፣ ፍሪጅ ቢሉኝ ይገባኛል። ጀልባ!

በአየር የምትነፋ ካያክ ናት። አሜሪካ ያለችው ልጄ በሻንጣዋ ይዛት መጣች። ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ነው፤ ካያኳ ከነመቅዘፊያዋና ከነፓምፗ 16 ኪሎ ግድም ወሰደች። እኔ ያዘዝኩት የደም ግፊት መለኪያ ነበር። "አባዬ፣ ኪሎ ሞላብኝ" አለችኝ። ግፊቴን የሚለካው ቀርቶ ግፊቴን የሚያስነሳው መጣ ማለት ነው።

ምርጫው የተካሄደው በቴሌግራም ነው። የቤተሰብ ግሩፕ የሚባል ነገር አለን፤ ድሮ "እንደምን አደራችሁ" የምንባባልበት፣ የበዓል ቀን የአበባ ሥዕል የሚላክበት ሰላማዊ ስፍራ ነበር። ሰንብቶ የጀልባ ገበያ ሆነ። አማቼ ጠንካራዋን አላት። ጠንካራዎቹ ወለላቸው ውስጥ ላይኛውንና ታችኛውን ሸራ የሚያያይዝ ብዙ ሺህ ክር አለ፤ በአየር ግፊት መለኪያው ስምንት አሥር ፒኤስአይ ሲነፉ እንደ ሳንቃ ይደድራሉ፤ ውሃም ላይ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ግን ይከብዳሉ፣ ዋጋቸውም ሰው ያስደነግጣል። ልጄ ቀላሏን አለች። ቀላሎቹ ተራ ፒቪሲ ናቸው፤ አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይበቃቸዋል። የአማቼ መኪና የቪትዝ ጎማ 30 ገደማ እንደሚነፋ ላስታውስ፤ እንግዲህ ምን ያህል ልፍስፍስ እንደሆኑ አስቡት። ወፈር ያለ ሰው ሲቀመጥባቸው መሃላቸው ይሰረጉዳል፣ አፍንጫና ጭራቸው ወደ ሰማይ ያያል። የልጅ ልጄ በበኩሉ የዓሣ ዘንግ መሰኪያ ያላት ካልሆነች አለ። ልጁ ዓሣ በሳህን ሲቀርብለት እንኳ አጥንቱን የምለቅምለት እኔ ነኝ።

ቀላሏ አሸነፈች። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፦ "የት ነው የምታድረው?" መልስ የሰጠ የለም። አንዱ የሚስቅ ፊት ላከልኝ።

ሁለት መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ጀልባዋ ከአየር ማረፊያ መጥታ፣ ደረጃውን በሁለት ሰው ትከሻ ወጥታ፣ እኔ አልጋ ስር ገባች። የሰነድ ሳጥኔ፣ የቤቱ ውል፣ የጡረታ ደብተሬ፣ ሁሉም ወደ ኮሪደር ተሰደዱ። ጀልባ ልግዛ የሚል ሰው ካለ ምክሬ ይሄ ነው፦ ሻጩ የሚያሳያችሁ ውሃ ላይ ያለችውን ነው፤ ፀሐይ፣ ፈገግታ፣ ሰማያዊ ሐይቅ። እሷ ግን ውሃ ላይ የምትውለው በዓመት ከእጅ ጣት የማይበልጥ ቀን ነው። የቀረውን ዕድሜዋን የምትኖረው የብስ ላይ ነው፤ የብስ ላይ ደግሞ ባለቤቷ አያት ነው። ስትቀዘፍ የሁሉም ናት፣ ስትታጠፍ የእኔ። ስለዚህ ከቀለሟና ከወንበሯ በፊት ክብደቷን፣ የምትነፋበትን ጊዜ፣ የምትደርቅበትን ቦታ ጠይቁ።

"ውሃ ከፈለጋችሁ ለምን ሩቅ ትሄዳላችሁ?" አልኳቸው ለነገር። "ትንሹ አቃቂ ወንዝ እዚሁ አይደለም?" አልኩ። በመካኒሳ አድርጎ፣ በላፍቶ ወርዶ፣ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ገብቶ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል። በካርታ ሲታይ የሚያኮራ የጀልባ መንገድ ነው፤ ከእኛ ሰፈር ተነስቶ የአገሪቱ የመጀመሪያ የሚባለው የውሃ ኃይል ማመንጫ ድረስ። በአካል ሲታይ ግን አፍንጫ ያለው ሰው የሚቀዝፈው አይደለም። ቀለሙ ላይ የፋብሪካውም የቤቱም እጅ አለበት፤ አባ ሳሙኤልን ደግሞ እምቦጭ ወርሶታል። በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ይዋባል ተብሎ፣ አንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የሚከፍልበት እራት ተበልቶ ነበር። እኔ አልተጠራሁም፤ ብጠራም ጡረታዬ ለእንጀራው ጥቅል እንኳ አይደርስም ነበር። ዳር ዳሩ በየቦታው አበባ እያበቀለ ነው አሉ፣ ደስ ይላል። ውስጡ ሲጠራ ግን ጥሩኝ፣ ጀልባዋን ራሴ ተሸክሜ እወርዳለሁ።

ስለዚህ ቢሾፍቱ ተባለ፤ ባቦጋያ። አማቼ ጊዜ ለመቆጠብ ዘዴ አመጣ። ጀልባዋን ማታውኑ ግቢያችን ውስጥ በደንብ እንንፋት፣ ቪትዙ ላይ እንሰራት፣ ስንደርስ ቀጥታ ውሃ እንግባ። ጎበዝ አማች ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። በማለዳ ብርድ ተነሳን። ከመኪናው ብዙ የማታጥር ቢጫ ነገር አናታችን ላይ ተጋድማ፣ በፍጥነት መንገዱ እየተርገፈገፈች፣ የሚያልፈን ሁሉ ጥሩምባ እየነፋልን ባቦጋያ ደረስን። አማቼ ሲፈታት ገመዱ ላልቷል፣ ጀልባዋ ሟሽሻለች። "ተበስታለች!" ብሎ ጮኸ። ልጆቹ አለቀሱ።

አልተበሳችም። እኛ ወርደን ነው። ጀሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ግድም ነው፤ ቢሾፍቱ 1,900 ግድም። ወደ ታች በወረድክ ቁጥር በውጭ ያለው አየር ይከብዳል፣ የጀልባዋን ሆድ ይጫናል። አንድ ፒኤስአይ ለተነፋች ልፍስፍስ ደግሞ የ300 ሜትር ቁልቁለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ግማሽ ጥንካሬዋን ይወስድባታል። ላንጋኖ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ብንወስዳት ጨርሳ በተዘረረች ነበር። እዚያ አጥብቀው ነፍተው እንደተነፋች ወደ አዲስ አበባ ለሚመልሷት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሽቅብ በወጡ ቁጥር እየተወጠረች ትሄዳለች፣ ስፌቷን ይፍሩላት። ፀሐይም እንዲሁ ነው፤ ዳር ላይ ተሰጥታ ስትግል ታብጣለች፣ ትንሽ አየር ካልተነፈሰላት ትቀደዳለች፤ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ ትላላለች። ይሄን ሁሉ አስረዳሁ። የሰማኝ የለም። ያተረፍኩት "ጋሼ ነገሩ ከገባዎት እርስዎ ይንፏት" የሚል ብቻ ነው። ጥላ ስር ወንበር ዘረጉልኝ፣ የእግር ፓምፕ እግሬ ስር አደረጉ። "እርስዎ ቁጭ ብለው እግርዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ" አለኝ አማቼ፣ ውለታ እንደሚውልልኝ ሰው። ባለቤቴ ቡናውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ እስከ ሁለተኛው እኔ እግሬን አንቀሳቅስ ነበር።

ከዚያ የክብደት ክርክር መጣ። 180 ኪሎ ትችላለች ይላል ወረቀቷ። ይሄ ማለት ሁለት አዋቂ፣ አንድ ልጅና ምሳ ማለት አይደለም፤ እስከ አፍንጫዋ ከሞላኋት ትንሽ ሞገድ ይበቃታል። ከተጻፈው ሩቡን ቀንሱና ጫኑ። እኛ ዘንድ ሂሳቡ ያልተሠራው የባለቤቴን ኪሎ ጮክ ብሎ የሚናገር ወንድ ስለጠፋ ነው፤ እኔም እዚህ አልጽፈውም፣ ትዳሬን እፈልገዋለሁ። እሷ ራሷ ግን "ጀበናዬን ትቼ የት እሄዳለሁ" ብላ ጣጣውን ገላገለችን።

የምቀልድበት ያልሆነ ነገር አንድ አለ፦ ላይፍ ጃኬት። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ባቦጋያ 65 ሜትር ይጠልቃል፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ ከዚያ በላይ፣ 87። ዳሩ ቀስ እያለ የሚጠልቅ አይደለም፤ ጥቂት እርምጃ ገብተህ እግርህ መሬት ያጣል። ክንድ ላይ የሚታሰረው የልጆች ፊኛ መጫወቻ ነው፣ አያድንም። ለእያንዳንዱ ሰው በኪሎው ልክ፣ በወገብና በእግር መሃል የሚታሰር ጃኬት። አማቼ "እኔ ዋና እችላለሁ" አለ። "የማይችል ሰው መቼ ውሃ ይገባና ይሰጥማል?" አልኩት። ለበሰ። ለእኔ የቀረው የልጅ ልጄ ትርፍ ነበርና፣ ብርቱካናማ ከነዳክዬው ሥዕል፣ እስከ ደረቴ ደርሶልኝ ዋለ። ፎቶው ግሩፑ ላይ አለ።

ገቡ። ጀልባዋ ዞረች። በግራ ሲቀዝፉ ወደ ቀኝ፣ በቀኝ ሲቀዝፉ ወደ ግራ፣ ሲያቆሙም ትዞራለች። ከታች የምትሰካ መዳፍ የምታክል የላስቲክ ክንፍ ነበረቻት፤ ቀጥ አድርጋ የምትይዛት እሷ ናት። "ይቺ ትርፍ ዕቃ ናት" ብለው ቤት ትተዋታል። ከምሳ በኋላ ደግሞ ነፋሱ ተነሳ። በአየር የተሞላ ነገር ውሃው ላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ነፋስ እንደፈለገ ነው የሚነዳው። አማቼና የልጅ ልጄ እየተሽከረከሩ ማዶ ደረሱ፤ አንድ ሎጅ ዳር፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት መሃል። በመኪና ዞረን አመጣናቸው። መቅዘፍ የፈለገ በጠዋት ይቅዘፍ፣ ዳር ዳሩን ይያዝ፣ መጀመሪያ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ይሂድ። ዝዋይማ ጉማሬ አለበት፣ ጫሞ ላይ አዞም ይጨመራል፤ እዚያ በፊኛ ልግባ የሚል ሰው ኑዛዜውን ይጻፍ።

ሲመለስ አማቼ አፉ አልቦዘነም። "ጋሼ፣ ዓባይን እኮ በዚህ ዓይነት ጀልባ ነው የወረዱት" አለኝ። ልክ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ጃንሆይ ፈቅደውላቸው፣ ብላሽፎርድ ስኔል የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን መርቷቸው፣ በላስቲክ ጀልባ በዓባይ ሸለቆ ወርደዋል። ፏፏቴው ገለበጣቸው፣ ሰው ሞተባቸው፣ ሽፍታ ተኮሰባቸው። ሁሉም እውነት ነው። ግን ወታደሮች ነበሩ፤ ፓምፑን አማታቸው እንዲረግጥላቸው አላመጡም።

ደግሞም ለእኔ ስለ ጀልባ? የጣና ዳር ልጅ ነኝ። ነገደ ወይጦዎቹ ከደንገል ታንኳ ሲያስሩ አይቼ ያደግኩ ሰው ነኝ። ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ውሃ ላይ ያስቀምጡታል። ፓምፕ የለው፣ ክዳን የለው፣ ፒኤስአይ የለው። ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር ማገዶ ተቆልሎበት ይመጣል። ታንኳዋም ብትሆን ውሃ ትጠጣለች፣ ትከብዳለች፤ ሲወጡ ዳር ላይ አቁመው ያንጠፈጥፏታል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ታረጃለች፣ ሌላ ትታሰራለች። ሐሰት አላወራም። ግን ከአልጋዬ ስር ገብታ አታውቅም።

ዋናው ስቃይ ከሐይቁ በኋላ ነው። የእነዚያ ሐይቆች ውሃ ሶዳነት አለው፤ በንጹሕ ውሃ ካልታጠበች ጨውማ ነገር ይቀርባታል። በየትኛው ውሃ? ሌሊት ተነስቼ በሞላሁት በርሜል። ታጥባም ካልደረቀች ትሻግታለች፤ እጥፋቷ ውስጥ የቀረች ጠብታ በሳምንት ሰፈር ታሸታለች። በረንዳው ላይ አልበቃ ብላ ግቢ አውጥተን፣ ግማሿን ኮሙናሉ ላይ ግማሿን የልብስ ገመዱ ላይ ሰጣናት። ጎረቤቶች ከፎቅ አዩ። ትልቅ ሸራ፣ ግቢ ውስጥ፣ ሽማግሌ አጠገቡ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ። "ማን ነው? መቼ ነው?" አሉኝ። የዕድሩ ድንኳን መስሏቸዋል። "ጀልባ ነው" ብል ይብስ አዘኑልኝ።

ስትደርቅ ደግሞ ከረጢቷ እምቢ አለ። የወጣችበት ከረጢት ነው፤ በአይኔ አይቻለሁ። እንዴት እንደገባች የሚያውቀው ፋብሪካው ብቻ ነው።

በመጨረሻ እውነትም ተበሳች። ጎሚስታ ዘንድ ወሰድኳት። ልጁ ዞሮ ዞሮ አያትና "አባባ፣ የምን መኪና ነው?" አለኝ። ገንዳው አልበቃትም፤ በሳሙና ውሃ አሻናት፣ አረፋ የሚያወጣውን ፈለግን፣ አገኘነው። ማስቲሽና የጎማ ልጥፍ ሊያደርግባት ሲል እጁን ያዝኩት። ፒቪሲን የሚይዘው የፒቪሲ ማጣበቂያ ነው፣ ከራሱ ዓይነት ቁራጭ ጋር፤ ከዚያም አንድ ቀን ሳይነፋ መቆየት አለበት። የጎማው ማስቲሽ ለጊዜው ይዞ ሐይቅ መሃል ይለቃል። ከጀልባዋ ጋር የመጣው መለጠፊያ ቤት ነበር፤ ከክንፉ ጋር፣ "ትርፍ ዕቃ" በተባለው ፌስታል።

አሁን ለመስከረም ወንጪ እንሂድ እየተባለ ነው። የእግር ፓምፕ ካለ እንደማልሄድ በጽሑፍ አሳወቅኩ፤ ግሩፑ ላይ፣ ሁሉም እንዲያየው። ልጄ ተረድታኝ በመኪና የሲጋራ መለኮሻ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከአንድ መንገደኛ ጋር ላከች። ትናንት ደረሰ። አማቼ ቪትዙ ላይ ሰካው፤ ድምፅ የለም። መለኮሻው ከመቼ ጀምሮ እንደተበላሸ ስጠይቀው፣ "ጋሼ፣ እሱማ ስገዛውም አይሠራም ነበር" አለኝ።