ግርማዊት በብልቃጥ

እኛ ጉንዳን ደጃፋችን ላይ ሰልፍ ከያዘ አመድ ነስንሰን የምናባርር ኋላ ቀር ሕዝብ ነን። የሠለጠነው ሰው ግን ከፍሎ ያስገባዋል። በርሊን ወይም ለንደን ውስጥ፣ ከሳሎኑ መደርደሪያ ላይ በመስታወት ቤት አስቀምጦ፣ የማር ውኃና ፌንጣ እያበላ፣ ማታ ማታ በቀይ መብራት ይጎበኘዋል። መብራቱ ቀይ የሆነው ጉንዳን ቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማይታየው ነው፤ ሰላሙ እንዳይታወክ። የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው ለጉንዳን ይህን ያህል ሲጨነቅ ማየት አንጀት ይበላል።

ጠቢቡ ሰሎሞን ታካቹን ወደ ገብረ ጉንዳን ሄዶ እንዲማር መክሮት ነበር። መሄድ ድሮ ቀረ፤ ዛሬ አስተማሪዋ በፖስታ ትመጣለች።

ታዲያ ማንኛዋም ጉንዳን አትመጥንም። የሰፈሩን ጥቁር ጉንዳን ከአጥሩ ሥር በነጻ ያገኛታል፤ በነጻ የተገኘች ደግሞ ለእንግዳ አትታይም። ስለዚህ የምሥራቅ አፍሪካዋ ግዙፍ እህል ለቃሚ፣ በሳይንስ ስሟ ሜሶር ሴፋሎቴስ፣ ተመረጠች። እሷም ብትሆን ንግሥቲቱ ካልሆነች ዋጋ የላትም። እንግሊዝ አገር የአንዷ ዋጋ እስከ 170 ፓውንድ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ናይቫሻ፣ ኬንያ ውስጥ፣ ሁለት የቤልጂየም ጎረምሶች ካረፉበት የእንግዳ ቤት ተያዙ። 5 ሺህ ያህል ንግሥቶች በ2,244 ብልቃጥ ተደርድረው ተገኙ፤ በየብልቃጡ ጥጥም አልቀረ፣ ንግሥቲቱን እስከ ሁለት ወር በሕይወት እንዲያቆያት ታስቦ የተሰናዳ። ልጆቹ ለመዝናናት ያደረግነው ነው፣ ሕገ ወጥ መሆኑንም አላወቅንም አሉ። እንመናቸው። ድመት የሚወድ አንድ ያሳድጋል፣ ሁለትም ይሁን፤ ፍቅር ሲጠና 5 ሺህ ይደርሳል ማለት ነው።

የጉንዳን አፍቃሪዎቹ ደግሞ ክርክር አያጡም። ንግሥቲቱ ዝናብ ሲጥል በክንፏ ትበርራለች፣ በዚያው ከወንድ ጋር ትገናኛለች፣ ወርዳ ክንፏን ጥላ መሬት ውስጥ ትገባለች። የያዘችው ዘር ዕድሜ ልኳን ስለሚበቃት ዳግም ባል አትሻም። ከበረሩት ብዙዎቹ ግን ጎጆ ሳይመሠርቱ ወፍና እንሽላሊት ይበላቸዋል። እና፣ ይላሉ ወዳጆቻችን፣ ወፍ ከሚበላት እኔ ብወስዳት ምን አለበት? እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው! ለቃሚው ከሜዳው ላይ ሲያነሳ ወፍ ሊበላት የነበረችውን ከምትተርፈው እንዴት እንደሚለያት ብቻ አልነገሩንም። የምትተርፈዋ አንዷ እኮ ነች ሺህ ልጆች ወልዳ የሣር ፍሬ የምታስለቅም፤ በመንገድ የጣሉት ይበቅላል፣ የቆፈሩት አፈር ይተነፍሳል። ንግሥቲቱን የወሰደ ገና ያልተወለደውን ጎጆ በሙሉ በኪሱ ይዞ ሄደ። ወፏም ብትሆን በልታ ታድራለች እንጂ ክምችቴ ይኸው ብላ ለጓደኞቿ አታሳይም።

እንግዳዪቱ ከመስታወቱ አምልጣ የማታውቀው አገር ብትራባስ? ይህን አንጠይቅ፤ የሰው ደስታ አይበረዝ።

በሜይ የኬንያ ፍርድ ቤት ሁለቱን ልጆች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ፣ አለዚያ አንድ ዓመት እንዲታሰሩ ፈረደ። 1 ሚሊዮን ሲባል ያስደነግጣል። ገንዘቡ ወደ 7,700 ዶላር ነው፤ በእንግሊዙ ከፍተኛ ዋጋ ብናሰላው የአርባ ንግሥት ዋጋ አይሞላም። ከ5 ሺዎቹ ሰማንያውን ቢሸጡ የሁለቱም ቅጣት ተከፍሎ ለአውሮፕላን ቲኬት የሚሆን ይተርፍ ነበር። ገዢዎቹን ደግሞ የጠራቸው ችሎት የለም። ምን አጠፉና? እንስሳ ወዳጆች ናቸው። ምናልባት ዕቃው ስለ ዘገየባቸው ተቀይመው ይሆናል።