አባባ፣ ገለል ይበሉልኝ

ሽማግሌ መሆን በዚህ ከተማ ድሮ ማዕረግ ነበር። መንገድ ይለቀቅልሃል፣ ወንበር ይሳብልሃል፣ ሻይህ ሳታዝ ይመጣል። አሁን ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ነፋስ ልቀበል ስል ከኋላዬ የሚመጣው ድምፅ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አባባ፣ ትንሽ ገለል ይበሉልኝ፤ ወፏን ጋረዷት!»

እኔ ነኝ እሷን የጋረድኳት! እሷ ከእንቁላል ሳትወጣ እዚህ የተቀመጥኩ ሰው! ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ከተማዋንም በዕድሜ እበልጣታለሁ። እንግዲህ ማን ማንን እንደጋረደ ይታሰብበት።

የዚህ ሁሉ መነሻ በኛ ቤት የልጄ ልጅ ነው። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ከመንደራችን ወጣት ግማሹ ባጃጅ ይነዳል፣ ግማሹ ኳስ ያያል፤ የኛው ወፍ ያነሳል። በስልክ ጀመረ፣ ካሜራ ተዋሰ፣ በመጨረሻ ክንዴን የሚያክል ሌንስ ይዞ መጣ። ዋጋውን ሲነግሩኝ ስንት በሬ እንደሚገዛ ማስላት ጀምሬ፣ መሃል ላይ ለጤናዬ ብዬ ተውኩት። አባቱ «ሥራ ነው» ይላል። እናቱ «ጫት ቤት ከሚውል ይሻላል» ትላለች። እኔን የጠየቀኝ የለም።

በኛ ጊዜ ፎቶ ማለት ለበዓል ወይም ለመታወቂያ ነበር። ገላህን ታጥበህ፣ ጸጉርህን ቅባት አስነክተህ፣ የወንድምህን ኮት ተውሰህ ፎቶ ቤት ትሄዳለህ። ከጀርባህ ሸራ ላይ የተሳለ ሐይቅ አለ፤ በሐይቁ ላይ በአገራችን ማንም አይቶት የማያውቅ አንገተ ረጅም ነጭ ዳክዬ ይንሳፈፋል። እውነተኛው ሐይቅ እኮ እዚያው አፍንጫችን ሥር ነው! «እዚያ ወርደን እንነሳ» ያለ ሰው ግን አላስታውስም። እዚያማ ጭቃ አለ፣ ትንኝ አለ፣ ጉማሬ አለ። ፎቶ አንሺው «ዓይን እንዳይጨፈን፣ ትንፋሽ ያዝ!» ይላል፤ ቀጭ፤ አለቀ። አንዱ ጥቅል ፊልም የሚያነሳው 36 ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ጨፍነህ ከወጣህ ዕድሜ ልክህን ጨፍነህ ትኖራለህ። በሰርጋችን ፎቶ ላይ ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍናለች። እስከ ዛሬ ድረስ «አውቄ ነው» ትላለች።

የልጅ ልጄ ግን ለአንዲት ወፍ ሲል ጣቱን ከተጫነ አያነሳም። ቀጭቀጭቀጭቀጭ! ማታ ደግሞ ላፕቶፑ ፊት ተጎልቶ ቀን ያነሳውን ሲያጠፋ ያመሻል። «ምን እየሠራህ ነው?» ስለው «እየመረጥኩ ነው አባባ» ይለኛል። አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ እሱና ፈጣሪው ይወቁት።

ከሁሉ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የአባ ኮዳ ነገር ነው። አሞራ ገደል በጠዋት ሂዱ። አስጋሪዎቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ ልጆቹ ቆሮሶውን ፊሌቶ እያወጡ አንጀቱን ወደ ዳር ሲወረውሩ፣ አባ ኮዳ ጥቁር ኮቱን ደርቦ፣ መላጣውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ችሎት ደጃፍ ቀጠሮ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ተገትሮ ታገኙታላችሁ። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል። አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለውን ከረጢት ብዙ ሰው ስንቅ መቋጠሪያ አድርጎ ያየዋል፤ ውስጡ ግን አየር እንጂ ምግብ የለም። እግሩም ነጭ የሚመስለው ነጭ ሆኖ አይደለም። ሙቀት ሲበረታበት በገዛ እግሩ ላይ ይጸዳዳል፤ እርጥበቱ ሲተን ያቀዘቅዘዋል። ይህን ምስጢር ፎቶውን ስልኩ ላይ ለጥፎ ለሚኮራ እንግዳ ሁሉ አጫውታለሁ። ደስ ሲላቸው ግን አላየሁም።

እና ይህ ፍጡር ዓሣውን በነፃ ይበላል። እኔ ጥብሱን ከፍዬ እበላለሁ። ፎቶ የሚነሳው እሱ ነው፤ «ገለል በል» የሚባለው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ግን ልጁን ያዝኩት። ማታ እንደ ልማዱ እያጠፋ ሳለ በትከሻው አሻግሬ ሳይ፣ በውሃ አበባ ቅጠል ላይ የምትሄደዋ ባለ ረጅም ጣት ወፍ ናት። ጃካና ይሏታል። ሰውነቷ ቡናማ፣ ግንባሯ ሰማያዊ፣ ጣቶቿ ከመርዘማቸው የተነሳ ክብደቷ ተበትኖ ቅጠሉ አይሰምጥባትም። ልጁ ሊያጠፋት ጣቱን ሰነዘረ።

«ቆይ! ለምን ታጠፋታለህ?»

«ተበላሽታለች አባባ። እግሯ በዛ። ተንቀሳቅሳብኝ ነው መሰለኝ።»

መነጽሬን አደረግሁና ቆጠርኩ። ስምንት እግር! ሁለቱ መሬት፣ ማለቴ ቅጠል፣ ረግጠዋል። ስድስቱ ከክንፏ ሥር ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፤ ቀጫጭን፣ ዘርፋፋ፣ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ።

«አንተ ልጅ» አልኩት፣ «ይቺ እሷ አይደለችም፣ እሱ ነው። የተንጠለጠሉት የጫጩቶቹ እግሮች ናቸው። አደጋ ሲመጣ በክንፉ ሥር ሰብስቦ ታቅፏቸው ይሮጣል።»

በዚህ ወፍ ቤት እንቁላሉን የሚታቀፈው፣ ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ወንዱ ነው። ሴቷ በአካል ትበልጠዋለች፤ እንቁላሏን ጥላለት ወደ ሌላው ባል ትሄዳለች። ይህን ያስተማረኝ አንድ ወፍ አስጎብኚ ነው፤ ቀሪውን ከፊላው አጠገብ ተቀምጬ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያንን ሁሉ ገንዘብ ያወጣበት ሌንስ ስምንቱንም እግር አንድ ሳይቀር አሳይቶት ነበር እኮ! የጎደለው ቆም ብሎ የሚቆጥር ሰው ነው። ባለቤቴም ሰማች፤ ከዚያ ማታ ጀምሮ የጃካናው ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ በመጣ ቁጥር ለወንዶቹ ይተረክላቸዋል።

እኔም ዝም አላልኩ፣ የራሴን ወፍ አመጣሁ። ዋርካው ፍሬ ሲይዝ የሚመጣውን፣ በምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበውን፣ ሲበር ክንፉ ከሩቅ የሚሰማውን ታውቁታላችሁ። የሱ ሚስት ለመታቀፍ የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፤ በሩ በጭቃ ይመረጋል፤ ምንቃር የምታስወጣበት ቀጭን ሽንቁር ብቻ ይቀራል። ባልየው ለወራት ፍሬ በጉሮሮው እየቋጠረ ያጎርሳታል። «ቤት ማለት እንዲህ ነው» አልኩ። ባለቤቴ ምን ብላ መለሰች መሰላችሁ? «እሱስ ቢሆን የሚላላከው ወንዱ አይደል?» አፌን ዘጋሁ።

ስለ ጉሬዛ ክፉ አይወጣኝም፤ ጨዋ ነው። ቅጠሉን ይበላል፣ ነጭ ካባውን አንጠልጥሎ ቁጭ ይላል፤ ግልገሉ ሲወለድ ድፍን ነጭ ነው። አውራ ጣት የለውም፣ ካለም ጉጥ ብቻ ነው። አውራ ጣት ባይኖረው ስልክ አይነካካም፤ ምናልባት ጨዋነቱ ከዚህ የመጣ ይሆናል። ጦጣ አውራ ጣት አላትና ምን እንደምትሠራ አሞራ ገደል የሄደ ሁሉ ያውቃል። ከእጄ ላይ ሙዝ ነጥቃኝ ዛፍ ላይ ስትልጥ አሥር ስልክ ወጣ። አሥሩም ወደሷ። «አባባ አይዞዎት» ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ጉማሬውን ተዉት። በጀልባ ሄዶ ጆሮና አፍንጫ ብቻ አይቶ ለመመለስ የሚከፍል ይክፈል። ሌሊት ለግጦሽ ሲወጣ ከፊቱ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚል ካለ ግን ወላጆቹን አስቀድሞ ይሰናበት።

የልጅ ልጄ ከተማው አልበቃ ብሎት ደግሞ ወደ ገጠር ወሰደኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተቀሰቀስኩ። «ምነው፣ ማን ሞተ?» አልኩ። «ብርሃኑ እንዳያመልጠን ነው አባባ።» ፀሐይ ከመቼ ወዲህ ነው የምታመልጠው? በሻሸመኔ አድርገን ሰንቀሌ ገባን፤ የቆርኬ መጠለያ ነው። ቆርኬውን ፈረንጆች የሚጠሩት ስዌይን በተባለ የእንግሊዝ መኮንን ስም ነው፤ ሰውየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሶማሌ ምድር ለአደን የዞረ ነበር። ቆርኬው እዚያ ጨርሶ ጠፋ፤ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጪ በዓለም ላይ የለም። እኛ አተረፍነው፣ ስሙን እሱ ያዘው።

ልጁ ትራይፖዱን ተክሎ ወደ ምሥራቅ ሲያነጣጥር፣ ስካውቱም ዝም፣ እኔም በብርድ ዝም። ከብት የሚነዳ አንድ ትንሽ እረኛ መጥቶ እያየን ቆየና «ምን ጠፋባችሁ?» አለን። ቆርኬ እንደምንፈልግ ስንነግረው በጅራፉ ወደ ጀርባችን ጠቆመ። ወንዱ ኩይሳ ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ ፊቱ ረጅም፣ ቀንዱ ወደ ውጪ ተቆልምሞ፣ ትከሻና ጭኑ ላይ ጠቆር ያለ፣ ሌላው ሰውነቱ የጠይም ቀይ። እኛ ከመጣን ጀምሮ ሲጠብቀን እንደነበር ያስታውቃል። ልጁ ካሜራውን እስኪያዞር ወረደና በዚያ እየነጠረ በሚሄድ አረማመዱ ጓደኞቹን ይዞ ሄደ። ብርሃኑ አላመለጠንም። ቆርኬው ነው ያመለጠን።

ያም ሆኖ ከተማ ስንመለስ ወሬው ሌላ ነው። ድሮ አንበሳ የገደለ ጸጉሩን ቅቤ ይቀባ፣ ይፎከርለት ነበር። መግደሉ መቅረቱ እሰየው ነው፤ ፉከራው ግን አልቀረም። አንዱ «ንስሩ ዓሣውን ሲመነትፍ ያዝኩት» ይላል፣ ሌላው «ያቺን ዝንጉርጉር ዓሣ አዳኝ አየር ላይ ቆማ ክንፏን ስታራግብ ያዝኳት» ይላል። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል ሲሉኝ የታየኝ የቀረልኝ የእንቅልፍ መጠን ነው። የኛው ልጅ አሁን ደግሞ ባሌ እንውጣ፣ ቀይ ቀበሮ እናንሳ ይለኛል። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ጉልበቴ!

ደግሞ ተፈጥሮን ማየት ትናንት የተፈለሰፈ ይመስላቸዋል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ የነዚህ ልጆች አባቶች ገና ሳይወለዱ። እሱስ የቅርቡ ነው። የሲዳማ አያንቶዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው የፍቼ ጨምበላላን ቀን ሲቆርጡ ስንት ዘመናቸው ነው? በየትኛው ሌንስ? በጨምበላላ ዕለት ከብት አይታረድም፣ ዛፍ አይቆረጥም፣ እንስሳው ለምለም መስክ ይሰማራል። ዩኔስኮ በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2015 መዘገበው። ባለፈው በጉዱማሌ ሲከበር የልጅ ልጄ ወጣ፤ ስንት ሺህ እንዳነሳ እንጃ። «አያንቶዎቹ ቀኑን እንዴት እንዳወቁት ጠየቅህ?» ብለው «ባትሪ አለቀብኝ» አለኝ።

ከጃካናው ወዲህ ግን ነገሩ ትንሽ ተለውጧል። ጓደኞቹን እያስከተለ ይመጣል። «ጋሼ፣ እነዚያ ባለ ድርብ ምንቃሮቹ ዛሬ የቱ ዋርካ ላይ ናቸው?» «ጋሼ፣ ንስሩ በስንት ሰዓት ይወርዳል?» ቤቱ የመረጃ ዴስክ ሆነ። እኔም በነፃ ስንት ዘመን አገለግላለሁ ብዬ ታሪፍ አወጣሁ። ጃካና ማኪያቶ ነው። ንስር ማኪያቶና ኬክ። የዋርካው ወፍ ሙሉ ቁርስ ነው፣ ያውም ፉል ከነእንቁላሉ፤ ጎጆው ያለበት ዛፍ ግን ለማንም፣ በምንም ዋጋ አይነገርም፤ በድሮን ከበው ሚስትየዋን ያስደነግጡብኛል። ጉማሬ አልሠራም። አባ ኮዳ በነፃ ነው፤ ቁርሴ ሲቀርብ እሱ ራሱ ይመጣል።