ኖታ ያለ ቦታ

«ሙዚቀኛ ኖታ ይጻፍ እንጂ መስኮት ሲገፋ አይዋል» አልክ አሉ። ሰማችሁ? ጠጋ በሉ፣ ይህ ሰው ዛሬ መልሱን ሳይዝ አይሄድም። የኖታ መጻፊያ ፕሮግራሙን ሙዝስኮርን ኮምፒውተሩ ላይ ጫነ፤ ሙዝስኮርም እሱን ጫነው። የምልክት መደርደሪያው ፓሌትና ፕሮፐርቲስ ግራውን ያዙ፣ ከላይ የመሣሪያው ረድፍ፣ ከታች ሌላ ረድፍ። መሀል ላይ የቀረችው ክፍተት አራት ባር ካሳየች ትልቅ ነገር ነው። አራት ባር! አዲስ አበባ ተቀምጦ ባር የጠፋበት ሰው አንተን አየሁ።

«ግድ የለም፣ ሜኑ ውስጥ ገብቼ ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ» ትላለህ። ዝርዝር ከፈለግህ የታክሲ ረዳት ይሻልሃል፤ እሱ ቶሎ ብሎ «የለም» ይልሃል። ይኼኛው ግን ዝርዝር ስትከፍት ሌላ ዝርዝር ያወጣል፣ ያኛው ደግሞ ሌላ ይወልዳል። የዕረፍት ምልክት ልታመጣ ገብተህ ዕረፍት አጥተህ ትወጣለህ። ቅኝት ልታስተካክል ስክሪኑን ዳር እስከ ዳር ለቅኝት ትወጣለህ። ዜማዋ እስክትመለስ የምትጠብቅህ ይመስልሃል? ጭንቅላትህ ውስጥ የነበረችው ሐረግ ሁለተኛው ዝርዝር ላይ ስትደርስ አንድ ቤት ታጣለች፣ ሦስተኛው ላይ መጨረሻዋ ይጠፋል። ከዚያ ተመልሰህ የምትጽፈው የተረፈችህን ነው። ፓነል አስተካክሉ የምለው ለዚች ሐረግ ብዬ ነው።

አሁን ጥይቱን ያወጣል፣ ዞር በሉለት። «እነ ሞዛርት ፓሌት ነበራቸው ወይ?» ተኮስክ፤ ጫማህን መታህ። ኢጎር ስትራቪንስኪን ታውቀዋለህ? እ.ኤ.አ. በ1913 በባሌት ሙዚቃው የፓሪስን አዳራሽ ያተራመሰው። ይህ ሰው ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ጠርሙሶቹን፣ ማስመሪያዎቹን፣ ላጲሶቹን ጠረጴዛው ላይ እያንዳንዱን በቦታው ደርድሮ ነበር የሚሠራው። ጠረጴዛውን ያየው ወዳጁ፣ ስዊዘርላንዳዊው ደራሲ ራሙዝ፣ የቀዶ ሐኪም ዕቃ አስታውሶታል። ይኼም አልበቃው፤ አምስቱን መስመር ባንዴ የምታሰምር ባለ መንኮራኩር መሣሪያ ለራሱ ሠራ። እሱ መሣሪያ ፈለሰፈ፤ አንተ አንዲት ፓነል በማውስ መጎተት ከበደህ።

«ሠሪዎቹ ከኔ ያውቃሉ፣ ያስቀመጡበት ይቀመጥ።» የትኞቹ ሠሪዎች? እርስ በርሳቸው መቼ ተስማሙና! ሩብ ኖታ ለመጻፍ ሲቤሊየስ የሚባለው ፕሮግራም 4ን ንካ ይልሃል፣ ሙዝስኮር 5ን፣ ሌላው ፕሮግራም ዶሪኮ 6ን። ዶሪኮ ስል ዶሮ የሰማኸው፣ አንተን አይደለም፣ ቁጭ በል። አንዲት ሩብ ኖታ በሦስት ቤት ሦስት ቁጥር አላት፤ አንተ ግን «ያውቃሉ» ብለህ እጅህን አጣጥፈሃል። ይኸው ሲቤሊየስ እ.ኤ.አ. በ2011 ሰባተኛ እትሙን ሲያወጣ የለመዱትን ሜኑ አነሣና ሪባን ዘረጋ። ሪባን የሚዘረጋው ተቆርጦ ወደ ውስጥ ሊገባበት ነበር፤ ይኼኛው ግን ዕቃውን ሁሉ አዘዋውሮ በር ላይ ቆመ። የድሮ ደንበኞች ጮኹ። በዓመቱ ባለቤቱ አቪድ የሲቤሊየስን የለንደን ቢሮ ዘጋ፤ ከቡድኑ ብዙዎቹ ወደ ስታይንበርግ ኩባንያ ሄደው እ.ኤ.አ. በ2016 ዶሪኮን ይዘው መጡ። ምን አደረጉ መሰለህ? ሥራውን ማዘጋጃ፣ መጻፊያ፣ ማሳመሪያ፣ ማጫወቻ፣ ማተሚያ ብለው አምስት ክፍል ከፈሉት። ኮንትሮልና ዜሮን አንድ ላይ ስትነካ ደግሞ ፓነሉ ሁሉ ይሰወርና ወረቀቱ ብቻውን ይቀራል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ዕቃቸውን ሲያገላብጡ ነው የኖሩት፤ አልነካም ብሎ የማለ ሰው አንተ ብቻ ነህ።

ቆይ፣ ይኼኛው ሲቆጣ ያምርበታል። «እኔ የሀገሬን ዜማ ነው የምጽፈው፤ ይህ ሁሉ ጣጣ የፈረንጅ ነው!» አንተ ሰው፣ ጣጣው የሚብሰው ላንተ ነው! እንደመጣ የተቀመጠው ፓሌት የተሰለፈው ለፈረንጁ ሜጀርና ማይነር ነው። አምባሰልን ከዶ ጀምራት፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ሁለት ፍላት፣ አለቀ። በፈረንጁ ሰልፍ ግን ፍላት በተራ ነው የሚገባው፤ ሲ ይቀድማል፣ ሚ ይከተላል፣ ከዚያ ላ፣ ከዚያ ሬ። ሬ ዘንድ ለመድረስ አራቱንም መሸከም አለብህ። ሲና ሚ ደግሞ አምባሰል ውስጥ ከነጭራሹ የሉም! ለሌለ ኖታ ፍላት ተሸክመህ «ጣጣው የፈረንጅ ነው» ትለኛለህ?

አንቺ ሆዬ ላይማ ሰልፉ ራሱ ይፈርሳል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ከዚያ ላ ያለ ፍላት። በተለመደው ተራ ሶል ፍላት የሚሆነው ላ ፍላት ከሆነ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጥ አይገጥምልህም፣ በየባሩ ምልክት ስታራግፍ ታመሻለህ። ሙዝስኮር እኮ መፍትሔውን እጅህ ላይ አስቀምጦልሃል። ባለ ሁለት ፍላቷን የአምባሰል ምልክት ራስህ ትሠራለህ፣ የአንቺ ሆዬንም እንደዚያው፣ ፓሌቱ ውስጥ ታስገባለህ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጠቅ ነው። ያንተን ቅኝት አጠገብህ የሚያስቀምጥልህ ሌላ ማን አለ? ጀርመን ያለ ፕሮግራመር አምባሰል ተራራን አያውቀውም፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን ለመጎተት ሰነፍክ።

«ፊናሌስ?» አለኝ፣ ዐይኑን አጥብቦ። ይህችኛዋ እንኳ ትንሽ ጭንቅላት አላት፣ እናስተናግዳት። ፊናሌ የተባለው የኖታ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ፤ በነሐሴ 2024 ሠሪው ሜክሚዩዚክ «ከዚህ በኋላ አላሳድገውም» ብሎ አስታወቀ። ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ይህንን ገና ሲወለድ ነው መጨረሻ ያሉት። «ይኸው፣ ሰዎች ስንት ዓመት የደረደሩት አቋራጭና ፓሌት ገደል ገባ» ትላለህ። ድርድሩ ገባ፤ ደርዳሪው መች ገባ! ምን ምን አዘውትሮ እንደሚነካ፣ የቱ ጣቱ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አዲሱን ፕሮግራም ከፍቶ የመጀመሪያ ሥራው ቁልፎቹን እንደ እጁ ማስተካከል ነው። ሙዝስኮርም ዶሪኮም ይህን ይፈቅዳሉ፤ ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብተህ ሩብ ኖታህን በለመድከው ቁጥር ላይ ታስቀምጣታለህ። ሲሰደድ የሚጠፋው ያው እንደመጣለት የኖረው ነው፤ የት እንደነበረ ሳያውቅ የት እንደሚሄድ ከየት ያውቃል?

ደግሞ ሌላ ጥግ ያዘ። «ስደረድር ሊነጋብኝ ነው?» ማን ደርድረህ አንጋ አለህ? ሰርግ የለብህ! መጀመሪያ ጻፍ። እየጻፍክ አንዱን ምልክት ደጋግመህ ስትፈልግ ራስህን ከያዝከው፣ ያኔ አምጥተህ አጠገብህ አስቀምጠው። ያልነካኸውን አርቀው። ሥራው ራሱ ይደረድርልሃል፣ አንተ መከልከልህን ብቻ ተው።

ሙዝስኮር ላይ አንድ ድርድር ብቻ ይበቃል ያለህም የለም። ስትጽፍ ስክሪኑ ሰፊ ይሁን፣ የምትነካቸው ጥቂት ፓሌቶች ብቻ ይቅሩ። ገጹን ስታሳምር ፕሮፐርቲስ ይከፈት፣ የመረጥከው ምልክት የሚስተካከለው እዚያ ነው። ስታዳምጥ ሚክሰሩን በኤፍ 10 ጥራው፣ ሌላውን አሰናብተው። ሦስቱንም በየስማቸው ዎርክስፔስ አድርገህ አስቀምጣቸው፤ ቪው ከሚለው ውስጥ አንዱን መርጠህ ወደ ሌላው ትሻገራለህ። ሰው ለለቅሶና ለሰርግ አንድ ልብስ አይለብስም፤ አንተ ግን በኦርኬስትራም በነጠላ ማሲንቆም ያው ነህ፣ ታጥቦ ያልተቀየረ።

«ሌላ ሰው ኮምፒውተሬ ላይ ቢቀመጥስ? ግራ አይገባውም?» እዩት እንግዲህ፣ ለራሱ ያላሰበ ለእንግዳ ሲጨነቅ! ለእንግዳህ ዲፎልት የሚባለው አለለት፣ መርጦ ይገባበት፣ ሲሄድ ወደ ራስህ ትመለሳለህ። እንግዳ ሊመጣ ይችላል ብለህ ዓመቱን ሙሉ ሳሎን ላይ አትተኛ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አንድ ነገር መልስልኝ። የምትጽፈው ለማሲንቆና ለክራር ነው፤ ታዲያ ያ የፒያኖ ፔዳል ያለበት ፓሌት ፊትህ ምን ይሠራል? ብስክሌት ልትነዳ ነው? ስሙ አጠገብ ሦስት ትንንሽ ነጥብ አለ። ንካው። «ደብቅ» በለው። ከዚያ አምስተኛ ባርህን ጻፍና ና፣ ስለ ሚክሰርህ ደግሞ የምልህ አለኝ።